«ወላጅ አምጣ» ከማለታችን በፊት

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ባለፈው ጊዜ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እናወራለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። ብዙ ወላጆች «ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ከገባ ወዲህ አያናግረኝም፤ ትምህርት ቤቱስ ምን እያደረገለት ነው?» እያላችሁ ትጠይቃላችሁ። ኢንሻአላህ ዛሬ የምችለውን ያህል እነግራችኋለሁ። የምጀምረው ግን ከራሴ ጥፋት ነው።

በ2003 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ክፍሉ ውስጥ 68 ተማሪዎች ነበሩ፤ ሆም ሩማቸውም እኔው ነበርኩ። ዘመኑ የፕላዝማ ዘመን ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየክፍሉ የገባው ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ለመምህሩ መግቢያና መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች። ፕላዝማው ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ የመለሰለት ኖረም አልኖረም ይቀጥላል። ከኋላ ረድፍ አንድ ልጅ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ ይተኛል። ፕላዝማው ግድ አልነበረውም። እኔ ግን የናቀኝ መሰለኝ።

ሦስት ቀን አስጠነቀቅሁት። በአራተኛው ቀን ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «ውጣ! ነገ ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ!» አልኩት። ምንም አላለም፤ ደብተሩን ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ጃኬት የለበሰ አንድ ሰውዬ አስከትሎ መጣ። ሰውየው አጎቱ እንደሆነ ነገረኝ። ስለ ልጁ ፀባይ ማውራት ስጀምር ሰውየው ሊያግዘው ፈልጎ ልጁን በስሙ ጠርቶ አመሰገነው። የጠራው ስም ግን የልጁ ስም አልነበረም። ነገሩ ገባችሁ መሰለኝ። ሰውየው ከመናኸሪያ አካባቢ በጥቂት ብር የተገኘ «አጎት» ነበር። በር ላይ የቆሙት ተማሪዎች በሳቅ ፈነዱ። እውነቱን ልናገርና እኔም ሳቅሁ። ሳቄም እዚያ አላበቃም፤ ስታፍ ገብቼ ለባልደረቦቼ እንደ ቀልድ አወራሁት።

ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ አስራ አንድ ቀን አልመጣም።

ስም ስጠራ በስሙ ትይዩ የደረደርኩት የቀሪ ምልክት ነው ያነቃኝ እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። አጠገቡ የሚቀመጠውን ልጅ ለብቻው ጠርቼ ጠየቅሁት። «ቲቸር፣ እሱ እኮ ሌሊት ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው። ወላጅ ከየት ያምጣ?» አለኝ። አባቱ ሞተዋል። እናቱ ጂዳ ሰው ቤት ስትሠራ አራት ዓመቷ ነው፤ አሠሪዎቿ ደመወዟን ከያዙባት ወራት ተቆጥረዋል። ልጁ ከአያቱና ከታናሽ እህቱ ጋር ይኖራል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ሊጥ ያቦካል፣ ዳቦ ያወጣል፤ ረፋድ ላይ ጥቂት ጋደም ይልና ከሰዓት ፈረቃ ይመጣል። የኮምቦልቻን የከሰዓት ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

በዚያው ሳምንት ቤቱ ሄድኩ። አያቱ በር ላይ ተቀበሉኝ። ዓይናቸው ደክሟል። «አስተማሪው እርስዎ ነዎት? ይግቡ፣ አብሽሩ» አሉኝ። ቡና አስፈልተው፣ ልጁ በሌለበት አንድ ነገር ተናገሩኝ። «ካጠፋ ይምከሩልኝ፤ ሰው ፊት ግን አያዋርዱብኝ። እናቱ ስትመጣ የማስረክባት አማና ነው።»

ወላሂ የት እንደምገባ ጠፋኝ። አማናው የሳቸው ብቻ አልነበረማ!

እንግዲህ ውድ አድማጮች፣ ያን ጊዜ የጎደለኝ የኬሚስትሪ እውቀት አይደለም። የጎደለኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ለብቻው ጠርቼው «ምን ሆነህ ነው የምትተኛው?» ማለት። በዓለም ላይ የትምህርት ሰዎች «ማህበራዊና ስሜታዊ ትምህርት» የሚሉት ሰፊ ጉዳይ አለ። ስሙ የከበደ ነው። ሥሩ ግን ይህችው ጥያቄ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1968 የዬል ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሐኪም ጄምስ ኮመር በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎቻቸው ድሃ ጥቁር አሜሪካውያን በነበሩ ሁለት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ጀመሩ። ልጆቹ ይረብሻሉ፣ ይቀራሉ፣ ውጤታቸውም ከከተማው ዝቅተኛ ነበር። ኮመር ቅጣቱን ከማክበድ ይልቅ መምህራኑን፣ ወላጆቹንና የምክር ባለሙያዎቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ዓመታት ቢወስድም የፀባዩ ችግር ቀነሰ፣ ውጤቱም ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ኬዝል የሚባል ድርጅት በዚሁ ጉዳይ ላይ ሊሠራ ተቋቋመ፤ በ2004 ደግሞ የኢሊኖይ ግዛት ይህን ትምህርት ከሙአለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ባለው ደረጃ መመዘኛ አወጣለት።

ምንድን ነው የሚማሩት ካላችሁ፣ የራስን ስሜት ማወቅ፣ ስሜትን መግራት፣ የሌላውን ችግር መረዳት፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ መኖር፣ ውጤቱን አስቦ መወሰን ነው። ለእኛ ይህ አዲስ ነው? አይደለም። በወሎ በየቂርኣት ቤቱ ሸኹ ደረሳውን ሲያስቀሩ ከየት እንደመጣ፣ ማን ቤት እንደሚበላ፣ ማታ የት እንደሚያድር ያውቁ ነበር። ሲቆጣ የቆመ እንዲቀመጥ፣ ውዱእ እንዲያደርግ የተማርነውም ገና በልጅነታችን ነው። ያም ሆኖ አንድ ሸኽ በዙሪያቸው ያሉትን ደረሶች ማወቃቸውና አንድ መምህር በቀን አምስት ክፍል እየገባ ከሦስት መቶ በላይ ልጅ ማስተማሩ አንድ አይደለም። «አባቶቻችን ያውቁት ነበር» ብለን ብቻ ብንተወው ራሳችንን መሸንገል ይሆናል።

«ታዲያ ይህ ነገር ለውጤት ምን ይጠቅማል?» የሚል አባት አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት 213 የዚህ ዓይነት ፕሮግራሞችን፣ ከ270 ሺህ በላይ ተማሪዎችን መረመረ። ከመቶ ልጆች መሀል ሃምሳውን ይበልጥ የነበረ አማካይ ተማሪ፣ ፕሮግራሙን ካገኘ በኋላ ስድሳ አንዱን ወደ መብለጥ ደርሶ ተገኘ። ለሂሳብና ለሳይንስ ሰዓት ይሻማል የተባለው ነገር የትምህርት ውጤትን አገዘ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሐቁን ግማሽ አልነግራችሁም። በዚያ ጥናት ውስጥ የበዙት የአንደኛ ደረጃ ልጆች ናቸው፤ የሁለተኛ ደረጃዎቹ ጥቂት ነበሩ። በዩናይትድ ኪንግደም ደግሞ በ85 ትምህርት ቤቶች ከ8 ሺህ በላይ ታዳጊዎች የተካፈሉበት ትልቅ ሙከራ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ወጣ። ልጆቹን በክፍለ ጊዜ አእምሮን የማረጋጋት ልምምድ ማስተማር ከተለመደው አሠራር የተሻለ ጥቅም አላሳየም። አብዛኞቹ ልጆች ቤታቸው ሄደው ልምምዱን አልሠሩትም። በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዴቪድ ዬገር በ2017 የጻፈውም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ትንሽ ልጅ «እንዲህ ሁን» ሲሉት ይቀበል ይሆናል፤ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን የተናቀ ይመስለዋል። በዚያ ዕድሜ ሰው የሚፈልገው ክብር ነው።

ስለዚህ የኔ አቋም ግልጽ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ልጆች «ስሜት» የሚባል አዲስ ክፍለ ጊዜ ጨምረን፣ ዓላማውን ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ «ትዕግስት ምንድን ነው? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ብለን ብንፈትን አንድም የምንለውጠው ነገር የለም። ልጁ «ሐ»ን መርጦ ይወጣና በር ላይ ይደባደባል። መለወጥ ያለበት ኬሚስትሪውና ታሪኩ የሚሰጥበት መንገድ ነው።

አንድ የሞከርኩትን ልንገራችሁ። የልጆቻችንን አነጋገር ልብ በሉ። ሁሉ ነገር «ደበረኝ» ነው። ፈተና ወደቀ፣ ደበረው። ጓደኛው ዘጋው፣ ደበረው። እናቱ ታመመች፣ ደበረው። አንድ አርብ፣ ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ አስር ደቂቃ ሲቀረው ብጣሽ ወረቀት አደልኩና «ስም እንዳትጽፉ። በዚህ ሳምንት ‹ደበረኝ› ያላችሁበትን ቀን አስቡና ያን ቃል ሳትጠቀሙ ምን እንደተሰማችሁ ጻፉ» አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ክፍሉ ጸጥ አለ። ማታ ቤቴ ሆኜ አነበብኩት። «አፈርኩ፤ ጫማዬ ተቀዶ ነበር» የሚል አለ። «ፈራሁ፤ አባዬ ሲገባ» የሚል አለ። «ቀናሁ» የሚል አለ፤ ይህን ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። «ሆድ ባሰኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም» ያሉ ብዙ ነበሩ። አንዱ ባዶ ወረቀት መልሶልኛል፤ ዳሩ ላይ ግን ደጋግሞ የተፋቀ የእርሳስ ምልክት ነበረበት።

እኛ «ሆድ ይፍጀው» እየተባልን ያደግን ሕዝብ ነን። ትዕግስት ትልቅ ነገር ነው፤ ሰብር የማያውቅ ሰው ሰው አይሆንም። ነገር ግን ሰብር ምን እንደያዘው ለሚያውቅ ሰው ነው። የፈራውን ልጅ «ተናደሃል» ብለን ብንቀጣው፣ ያፈረውን «ሰነፍ» ብንለው፣ በሽታውን ሳናውቅ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው። ደግሞ በዚህ ነገር ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ያሳስቡኛል። ወንዱ ሲከፋው ይሰብራል፣ ይፎርፋል፤ ይታያል። ሴቷ ዝም ትላለች፤ እኛም «ጨዋ ናት» ብለን እናልፋታለን። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚጠብቃትን ውሃና ምጣድ ማን ይጠይቃታል?

ወደ ክፍሉ እንመለስ። 68 ልጅ ባለበት ክፍል ምን ማድረግ ይቻላል? ብዙ መምህራን እጃቸውን አጣጥፈው «በዚህ ቁጥር!» ይሉኛል። እውነት አላቸው። ነገር ግን ዋጋ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። በር ላይ ቆሞ ሰላም ማለት፣ በስም መጥራት። እኔ በቀን አምስት ስም ለመያዝ ወስኜ ጀመርኩ፤ ሦስት ሳምንት አልፈጀም። የፈተና ወረቀት ሲመለስ ውጤቱን ጮክ ብሎ አለማንበብ። ይህን ስንተው ምን ያህል ልጅ ከሽማቀቅ እንደሚድን ያየሁት ከተውኩት በኋላ ነው። በቡድን ሲሠሩም ጎበዙ ሠርቶ ሌላው ስሙን ብቻ እንዳይጽፍ ለእያንዳንዱ ድርሻ መስጠት፤ አንዱ ይመዝን፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ቆሞ ያስረዳ። ተራ ጠብቆ መናገርና ሳይሰዳደቡ መከራከር የሚለመደው እዚያ ነው። ሁለት ልጆች በወንበር ቢጣሉ እዚያው እንዳሉ «ማን ጀመረ?» ብሎ ችሎት አለማስቻል። የጋለ ብረት በእጅ አይያዝም፤ ትንሽ ይቆዩ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሌላው ያለውን እንዲደግም ይደረግ። ሊስማሙ ባይችሉ እንኳ ይሰማማሉ።

ስለ ዱላ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። አንዳንድ ወላጆች ግን ትምህርት ቤት መጥታችሁ «ቆዳውን ለእናንተ፣ አጥንቱን ለእኔ» ትሉናላችሁ። እባካችሁ አትበሉን። እኛም ሰዎች ነን፤ ሲፈቀድልን እንዝናናበታለን።

«ወላጅ አምጣ»ን ቅሩ አልልም። ወላጅ መምጣት አለበት። ነገር ግን ወላጅ የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ብቻ ከሆነ፣ ትምህርት ቤት ማለት ለወላጅ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሆኖ ይቀራል። ልጁም የሚከራይ አጎት ይፈልጋል። መጀመሪያ ልጁን ለብቻው እንጠይቀው። ቀጥሎ «ቤት ማንን ባናግር ይሻላል?» እንበለው። ወላጅ ነው ሊባል የሚገባው አያትም፣ ታላቅ እህትም፣ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ቤቶቹ ልምጣ። ማታ ልጁ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ምንድን ነው? «ስንት አገኘህ?» ነው። የመጣው ቁጥር ያስደስታል ወይ ያስቆጣል፤ ወሬው እዚያ ያበቃል። «ዛሬ ከማን ጋር ተቀመጥክ? ያልገባህ ምን ነበር? ማን ረዳህ?» ብትሉት መጀመሪያ ላይ ትከሻውን ነቅሎ ያልፋል። አትቸኩሉ። ዓይን ለዓይን አስቀምጣችሁ ከምትመረምሩት ይልቅ ሽንኩርት እየላጣችሁ፣ መንገድ አብራችሁ እየሄዳችሁ ብትጠይቁት ብዙ ያወራል።

በጂዳ፣ በሪያድ፣ በቤሩት፣ በዱባይ ሆናችሁ የምትከታተሉን እናቶች፣ እናንተን ረስቼ አይደለም። ዛሬ ኢሞ አለ፤ ፊቱን ታያላችሁ። ጊዜያችሁ አጭር እንደሆነ አውቃለሁ። «ብሩ ደረሰ? እየተማርክ ነው?» ከሚለው ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጨምሩ፤ ያ ልጅ ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁት። ከተቻለም የሆም ሩሙን ስልክ ያዙ። ከባሕር ማዶ የሚደውል ወላጅ ያለው ልጅ ክፍል ውስጥ ሌላ ዓይነት ቁመት ይኖረዋል።

ፈተናውን ሳላነሳ አልሄድም። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይሰጣል። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከ890 ሺህ በላይ ልጆች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዙር 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ኩረጃ መቅረቱ መልካም ነው፤ እኔ መምህር ነኝ፣ በኩረጃ ላይ አልደራደርም። ጥያቄዬ ስለ ቀሩት ነው። ከመቶው ዘጠና ምናምኑ ማታ ወደየትኛው ቤት ነው የገቡት? «አንገታችንን አስደፋኸን» ወደተባሉበት ቤት? «የእከሌን ልጅ እያት» ወደተባለችበት ቤት? ያን ምሽት የሚባለው ቃል ከፈተናው ወረቀት ይልቅ ዕድሜ አለው። ልጃችሁ ምግብ ከተወ፣ ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ ካጣ፣ ሞትን ደጋግሞ ካነሳ ደግሞ ምክርና ዱዓ ብቻ ይበቃዋል ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ከዱዓው ጋር ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። እግሩ ቢሰበር ታደርጉት የለም?

የዳቦ ቤቱን ልጅ መጨረሻ ሳትጠይቁኝ አትቀሩም። ተመልሶ መጣ። ይቅርታ የጠየቅሁት እዚያው በሳቅንበት በር ላይ፣ ክፍሉ እየሰማ ነው፤ ያዋረድኩት በሰው ፊት ነበርና። ከመምህራኑ ጋር ተነጋግረን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍለ ጊዜያት ፊት ለፊት፣ መስኮት አጠገብ እንዲቀመጥ አደረግን፤ ጓደኛው ደብተሩን ያዋሰዋል። ዳቦ ቤቱ ባለቤት ዘንድ ሄደን በፈተና ሳምንት ሌሊቱን እንዲያስቀሩለት ለመንን፤ ሰውየው እሺ አሉ። የ10ኛ ክፍልን ፈተና ተፈተነ። ወደ መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ ግን አልመጣለትም። ያ ሁሉ የዘገየ ስለነበር ይሁን ወይ ሌላ፣ አላህ ነው የሚያውቀው።

ዛሬ እዚያው ኮምቦልቻ ባጃጅ ይነዳል። እህቱን እሱ ነው ያስተማራት። ባለፈው ክረምት ዝናብ ይዞኝ ከመንገድ ዳር ቆሜ ሳለ ባጃጅ አጠገቤ ቆመና «ቲቸር፣ ግባ» አለኝ። ቤቴ ድረስ ወሰደኝ። ሂሳብ ስሰጠው እጄን መለሰልኝ። ስወርድ «ልጄ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ትገባለች» አለኝና፣ ትንሽ ቆይቶ፣ «አስተማሪዋ ስሟን እንድትይዝላት ነግሬያታለሁ» አለኝ።

ጊዜያችን አበቃ። በሚቀጥለው ሳምንት ኢንሻአላህ የወላጅ መምህራን ኅብረት እንዴት እንደሚሠራ ከአንድ የኮሚቴ አባል ጋር እንነጋገራለን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።